የአንሶላ ክብደት

ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ ባሕሩ ሲያንኮራፋ፣
ጥርስህ ተፋጨና እንቅልፌ ተገፋ።
አልጮህክም፤ አትጮህም። «አንሺልኝ» አልክ ብቻ።
«ምኑን?» አልኩ። «አንሶላውን!»
ያን ነተብ ያለውን፣ ያን ስስ ጨርቁን።
ሁለት መቶ በጎች በቀን የሸለተ፣
ከአንድ ጨርቅ በታች ተሸንፎ ቃተተ።

መብራቱን አበራሁ። አውራ ጣትህ ቀልቷል፣
እንደ በሰለ ቲማቲም ቆዳው ተወጥሯል፣
ትንፋሼ ቢነካው እሱንም ይሰማል።
ወንበር ጎትቼ መጣሁ፤ አንሶላውን በላዩ
እንደ ድንኳን ሰቀልሁት፣ እግርህን እንዳይነካ።
እኔም ቁጭ ብዬ ነጋ።

ለሰው ግን ምን አልክ? «እንቅፋት መታኝ።»
ለሸላቾች አለቃ፦ «ደረጃ አዳለጠኝ።»
ለቄሱ፦ «የራግቢ ጉዳት ነው፣ ያኔ የጣለኝ።»
በሦስተኛው ውሸት ሳቄ ሊያመልጠኝ
ሲል ዋጥ አደረግሁት፣ ምክንያቱ ገብቶኝ።

ሰው ያፌዛላ! «ሪህ? የሆዳም በሽታ!
የቢራ፣ የሥጋ፣ የጥጋብ ስጦታ!»
አባትህ ሆሄፓ በረንዳው ላይ ውሎ፣
እግሩን ከባልዲ ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት ጥሎ፣
ያ ፌዝ ነው ያሸነፈው። ሐኪም ቤት አይሄድም፣
«ይለፍ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይልም።
ጣቶቹ አበጡ፣ እንደ ዝንጅብል ጎበጡ፣
ከቆዳው ሥር ነጫጭ ጠመኔዎች ወጡ።
ጫማ የማይገባው እግሩን ይዞ ተቀበረ።
አፈሩ ሳይደርቅ ያንተ ጣት ጀመረ።

የእህትህ ልጅ መጣች፣ ንጋሁያ፣ ነርሷ፣
ፊት ለፊት ተናገረች፤ አታፍርም እሷ።
«አጎቴ፣ ሆድህን ተወው፤ እሱን አትክሰሰው።
ኩላሊትህ ነው ቆጣቢው፣ ከአያት የወረሰው።
ዩሪክ አሲድ ይሉታል፤ ሌላው ሰው ይሸናዋል፣
ያንተ ግን «ለክፉ ቀን» ብሎ ያስቀምጠዋል።
ደም ሲሞላ ይረጋል፤ ይሾልና መርፌ ይሆናል፣
በረድ የሚልበትን ዳር፣ አውራ ጣትን ይመርጣል።
ኪናን ታውቀው የለ? ጠልቀህ የምታወጣው የባሕር ጃርት፤
አንዱ ገብቶ ተጋድሟል እዚህ፣ አውራ ጣትህ ቤት።»
ያኔ ሳቅክ፣ ፓኦራ። ከስንት ወር በኋላ።

አሎፑሪኖል የምትባል ነጭ ክኒን፣ በየጠዋቱ አንዲት።
ሦስት ሳምንት ዋጥካት። በአራተኛው፣ እሁድ ሌሊት፣
ጣትህ እንደገና ነደደ። ብልቃጡን ወረወርከው፤
ከማቀዝቀዣው ሥር ገባ፤ በመጥረጊያ እንጨት ሳብኩት።
ደወልኩላት። «ቤት ሲጠረግ አቧራ መነሳቱ አይቀርም፤
የቆየው መርፌ ሲሟሟ ይወጋል፤ መጥረጉ ግን አይቆምም።
ለሕመሙ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ይዤ እመጣለሁ፤
የጠዋቷን እንዳያቋርጥ፣ አንቺን አደራ እላለሁ።»

በልጅ ልጃችን ስዕል ጎን ቁጥር ለጠፍኩ በር ላይ፦
ዜሮ ነጥብ ሠላሳ ስድስት፤ ከዚያ በታች እንድናይ።
ኃምሳ ስምንት ነበርክ በጥቅምት፤ አርባ ዘጠኝ በገና።
ለስላሳው ቀረ፣ ቢራው ቀነሰ፣ ውሃ በጆግ ቀረበና።
መርማሪዋ ክንድህን ስትወጋ ፊትህን ታዞራለህ፤
ሸላች ሆነህ መርፌ ትፈራለህ!
ሠላሳ አራት ያለ ጊዜ ወረቀቱን አንተው ለጠፍከው፣
አግድም፣ ተጣሞ፤ አላቃናሁትም።

የአጎትህ ለቅሶ ላይ ወንዶቹ ለሃካ ሲነሱ፣
ከኋላ ረድፍ ነበርክ። ሌላው ሰው ፊትህን ሲያይ
እኔ ጣትህን ነው ያየሁት።
መሬቱን ረገጥከው። ደግመህ ረገጥከው።
የረገጥከው መሬቱን ብቻ ነበር ወይ? እንጃ።

ትናንት ሌሊት፣ በስምንት ሰዓት፣ ብርድ ቀሰቀሰኝ።
እጄን ብዘረጋ አንሶላ የለም።
ሁሉንም ወስደህ፣ ከአንገት እስከ ጥፍር
ተጠቅልለህበት ታንኮራፋለህ፣ ከባሕሩ ጋር።
ወንበሩ ጥግ ቆሟል፣ ሸሚዝህ ተሰቅሎበት።
ጨርቁን ልጎትት እጄን ሰደድሁና
ተውኩት።